የሊኑክስ ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲደክም፦ ጉልበቱን ልጨምር፣ ካርዱን ልቀይር ወይስ ራውተሩን ላንቀሳቅስ?

አክስቴ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ዋይፋይ ይደክማል። ቤቱ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ከፋሲል ግንብ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግድግዳው የድሮ ድንጋይ ነው። ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ልጅ ተመቻችቶ ይቀመጥበታል። ራውተሩ ሳሎን ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው ከኋላ ክፍል ነው። ላፕቶፑ ላይ የጫነው ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው።

ሲደውልልኝ ነገሩን ወስኖ ጨርሶ ነበር። «የዋይፋይ ካርዱ ሞቷል። የመላኪያ ጉልበቱን 3 ዲቢኤም ነው የሚለው። 20 አድርገው ብዬ አዘዝኩት፣ አይደገፍም አለኝ። አዲስ ካርድ ከአዲስ አበባ ላስልክ ነው» አለኝ። «ሳልመጣ ብር እንዳታወጣ» አልኩት።

ካርዱ አልሞተም ነበር። 3 የሚለው ቁጥርም ውሸት ነበር። «አይደገፍም» ያለው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ግን ልክ እንደሱ ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ወደ ግዢ ይሄዳል። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እናወዳድር። ትእዛዞቹ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ እዚህ የማስቀምጠው በንባባቸው ነው።

መጀመሪያ፣ ያልሰማው ማን ነው?

ዋይፋይ የሁለት ሰው ወሬ ነው። ራውተሩ ይናገራል፣ ላፕቶፑ ይሰማል። ላፕቶፑ ይመልሳል፣ ራውተሩ ይሰማል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምታዩዋት የዋይፋይ ምልክት የምትለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ራውተሩ ሲናገር ላፕቶፑ ምን ያህል ጥርት አድርጎ እንደሰማ። የመላኪያ ጉልበት ደግሞ የሚነካው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የላፕቶፓችሁን ጉልበት አሥር እጥፍ ብታደርጉት እንኳ ያቺ ምልክት ንቅንቅ አትልም። «ጨመርኩት ግን ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም አቅጣጫ ለየብቻ እዩ። «አይደብሊው» የሚባለው መሣሪያ ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ይገኛል። «አይደብሊው ዴቭ» ብላችሁ የካርዳችሁን ስም ካገኛችሁ በኋላ፣ በዚያ ስም ላይ «ስቴሽን ደምፕ» ጨምሩበት። የሚወጣው ዝርዝር ረጅም ነው። እናንተ የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ሲግናሉን፣ የመቀበያ ፍጥነቱን፣ የመላኪያ ፍጥነቱን፣ እና ስንት ጊዜ ደግሞ እንደላከ።

ሲግናሉ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ነው። -50 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። እስከ -67 ድረስ ቪዲዮ ያለችግር ይሄዳል። -75 ላይ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ከ-80 ወዲያ ይቆራረጣል። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ የመላኪያ ፍጥነቱ ብቻ ከወረደና የድጋሚ መላኪያው ቁጥር ከሮጠ፣ በእርግጥ የላፕቶፑ ድምፅ ደክሟል ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ ርቀት ወይም ግድግዳ።

የአክስቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲግናሉ -74 ነበር። መላኪያውም መቀበያውም እኩል ወርደዋል። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ -58 ሆነ። መሐላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው። መልሱ እዚያው ላይ ታይቶኝ ነበር፤ ግን 3 ዲቢኤም የምትለዋ ቁጥር ሳትጣራ ልጁ እንደማያምነኝ አውቃለሁ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የኔን ሊኑክስ ላፕቶፕ ሆትስፖት አደረግኩት። የሱን ላፕቶፕና የሱን ስልክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ከሆትስፖቱ ጋር አገናኘናቸው። ከዚያ እኔ በኔ ላፕቶፕ ላይ «ስቴሽን ደምፕ» አየሁ። እዚህ ላይ የምታዩት እነሱ ሲናገሩ የኔ ማሽን ምን ያህል እንደሰማቸው ነው። ስልኩ -55፣ ላፕቶፑ -53። ላፕቶፑ በእውነት በ3 ዲቢኤም ቢናገር ኖሮ ከስልኩ ከአሥር በላይ ዝቅ ብሎ በታየ ነበር። ካርዱ ጤነኛ ነው።

ምርጫ አንድ፦ ጉልበቱን በትእዛዝ መጨመር

ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ሁሉም መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው። መሞከሩ ጥሩ ነው። ግን ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ እወቁ።

ዲቢኤም ሲቆጠር እንደ ብር አይደለም። 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው። 10 ሲሆን 10 ሚሊዋት፣ 20 ሲሆን 100፣ 30 ሲሆን 1 ሺህ ሚሊዋት፣ ማለትም 1 ዋት። 3 በጨመራችሁ ቁጥር ጉልበቱ በእጥፍ ያድጋል። ርቀቱ ግን በእጥፍ አያድግም። ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ 6 ዲቢ ይፈልጋል (በሁለት ዲቢኤም መካከል ያለው ልዩነት ሲቆጠር ዲቢ ይባላል)። አንድ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ብቻውን 10 ዲቢና ከዚያ በላይ ይበላል። ከ17 ወደ 20 ከፍ አድርጋችሁ ያገኛችሁትን፣ ግድግዳው ሦስት እጥፉን መልሶ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ስህተቱ። «አይደብሊው» ቁጥር የሚቀበለው በዲቢኤም ሳይሆን በመቶኛው ነው። 20 ዲቢኤም ከፈለጋችሁ «ሴት ቲኤክስፓወር ፊክስድ 2000» ነው የሚባለው። የአክስቴ ልጅ 20 ብቻ ነበር የጻፈው። 20 ማለት እዚህ 0.2 ዲቢኤም ነው። ከርነሉ የሊኑክስ እምብርት ነው፤ ድራይቨር ደግሞ ካርዱን ከሱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም። አብዛኞቹ የዋይፋይ ድራይቨሮች የሚመሠረቱበት የከርነሉ ክፍል በ100 የማይካፈል ቁጥር አይቀበልም። የሚመልሰው ስህተት ቁጥሩ -95 ነው፤ ትርጉሙ «ይህ አይደገፍም»። ሰው ይህን ሲያይ ካርዱ የማይችል ይመስለዋል። እባካችሁ -95 ስታዩ መጀመሪያ የጻፋችሁትን ቁጥር ተመልከቱ። አሮጌው «አይደብሊው ኮንፊግ» የሚባለው መሣሪያ ግን 20ን እንደ 20 ነው የሚወስደው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ብዙ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ካልጨመረ፣ ጣሪያ ነክታችኋል። ጣሪያው ከሦስት ቦታ ይመጣል።

አንዱ የአገር ሕግ ነው። ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ አገር በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈቅድ የሚያስቀምጥ መዝገብ አለ። ከከርነል 4.15 ወዲህ ከርነሉ ራሱ ያነበዋል። «አይደብሊው ሬግ ጌት» ስትሉ ያላችሁበትን አገር ኮድ ያሳያችኋል። ሁለት ዜሮ ካሳየ አገራችሁን አያውቅም፤ ለዓለም ሁሉ በሚሆነው ጠባብ ሕግ ነው የሚሄደው። የኢትዮጵያን የሁለት ፊደል ኮድ በ«ሬግ ሴት» ስጡት። መዝገቡ ለኢትዮጵያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 ዲቢኤም ነው። በሁለት ዜሮውም 2.4 ላይ ያው 20 ነው። ስለዚህ ኮዱን ማስተካከል ጉልበት አይጨምርላችሁም። የሚጠቅማችሁ በ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎችና በቻናል 12 እና 13 ላይ ነው። ራውተሩ 13 ላይ ሆኖ ላፕቶፓችሁ የአሜሪካን ኮድ ከያዘ፣ ያንን ራውተር ጭራሽ ላያየው ይችላል።

«ኮዱን ቦሊቪያ አድርጉት፣ 30 ዲቢኤም ይፈቅድላችኋል» የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ከዓመት ዓመት ይዞራል። አልመክረውም። የአየሩ ፍሪኩዌንሲ የጋራ ነው፤ በአገራችን የሚያስተዳድረው ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያም ሌላ አይሠራም። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ትንሽዬ ማጉያ 30 ዲቢኤም የሚያወጣ አቅም የለውም። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይጎረናል፤ ራውተሩም ጥርት ያለውን ፈጣን ንግግር መለየት ያቅተዋል። ካርዶች በፍጥነት ሲልኩ ጉልበታቸውን ራሳቸው ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት 20 ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በዝግታ ሲላክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ካርዱ ውስጥ ፋብሪካ የጻፈው ነው። የኢንቴል ካርዶች አገሩን የሚወስኑት በፈርምዌራቸው፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ባለው ፕሮግራም ነው። «ሬግ ጌት» ስትሉ ከታች ራሱን የሚያስተዳድር ካርድ መሆኑን ይጽፍላችኋል። እንዲህ ካለ ኮድ ለመቀየር አትድከሙ፤ አይሰማችሁም። የአቴሮስ ካርዶች ደግሞ ፋብሪካ የጻፈባቸውን ኮድ እናንተ ከሰጣችሁት ጋር ያስተያያሉ፤ ሁለቱም የሚፈቅዱትን ብቻ ይወስዳሉ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ራውተሩ ራሱ «ድምፅህን ቀንስ» ሊል ይችላል፤ በተለይ በ5 ጊጋኸርዝ። «ዲሜሴጅ» ብላችሁ የከርነሉን መልእክት ስታዩ፣ የመላኪያ ጉልበት ወደ 17 ተገደበ የሚል፣ በቅንፍ ደግሞ 20 ሲቀነስ 3 የሚል መስመር ካገኛችሁ፣ ትእዛዙ የመጣው ከራውተሩ ነው። መፍትሔውም ያለው ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑን አትነካኩት።

የመጨረሻው ችግር የሚታየው ቁጥር ራሱ ነው። ድራይቨሮች ሁሉ እውነቱን አይናገሩም። የሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ካርድ ጤነኛ ሆኖ 3 ዲቢኤም ሲያሳይ በብዙዎች ላይ ታይቷል፤ የአክስቴ ልጅ ካርድ እሱ ነው። ራስቤሪ ፓይ ላይ ያለው የብሮድኮም ድራይቨር ደግሞ ሁልጊዜ 31 ይላል። አንዳንድ ከከርነሉ ውጭ የሚጫኑ የሪልቴክ ድራይቨሮች 12 ላይ ተቸንክረው ይቀራሉ፤ ትእዛዙን ግን እሺ ብለው ይቀበላሉ። ስለዚህ የስክሪኑን ቁጥር ትታችሁ የሆትስፖቱን ሙከራ አድርጉ። አንዴ 1000 ብላችሁ እዘዙ፣ አንዴ 2000። ሆትስፖቱ ጋ ሲግናሉ ወደ 10 ያህል ከተለወጠ ድራይቨሩ ይታዘዛል። ካልተለወጠ ደግሞ በዚህ መንገድ የምታተርፉት ነገር የለም።

ጉልበት የሚመስል፣ ጉልበት ያልሆነ

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ከተንቀራፈፈባችሁ ይህን አንብቡ። ራውተሩ በባትሪ ቀጥሏል እንበል። ላፕቶፑ ግን ወደ ባትሪ ሲዞር የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ ሊበራ ይችላል። ቲኤልፒ የሚባለውን የባትሪ ቆጣቢ ከጫናችሁ፣ ሳትነግሩት የሚያደርገው እንዲህ ነው፦ ሶኬት ላይ ሲሆን ያጠፋዋል፣ ባትሪ ላይ ሲሆን ያበራዋል። ካርዱ በየመሐሉ ያንቀላፋል፤ ድምፁ ግን አልቀነሰም። «ሴት ፓወር ሴቭ ኦፍ» ብላችሁ ሞክሩት። ከተሻለ በኔትወርክ ማኔጀር ውስጥ «ዋይፋይ ፓወርሴቭ» የሚለውን 2 አድርጉት፤ እዚያ 2 ማለት አጥፋ ነው። ቲኤልፒ ካለም የሱን ሴቲንግ አብራችሁ ቀይሩ፤ ካልሆነ መልሶ ያበራዋል።

ምርጫ ሁለት፦ የውስጥ ካርዱን መቀየር

ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ክፈቱና የአንቴናውን ሽቦዎች እዩ። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፤ ጫፋቸው ላይ ከምስር የምታንስ ክብ ነሐስ አለች። ላፕቶፑ አንዴ ለጥገና ተከፍቶ ከነበረ፣ ከነዚህ አንዷ ተነቅላ የመገኘቷ ነገር የተለመደ ነው። በጥፍር ጫን ስትሏት ቀጭ ትላለች። አንዷ ስትነቀል ሲግናሉ በአንዴ ብዙ ይወርዳል። ለዚህ ብር አይወጣም።

ካርዱ በእውነት ከተበላሸ ወይም ድራይቨሩ ካስቸገራችሁ ግን መቀየር ይገባል። ለሊኑክስ ተጠቃሚ የምመርጠው ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለውን ነው። ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ያለችግር ይሠራሉ። ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 ግን ለይቶ በተሠራላቸው ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል በስህተት እንዳትገዙ። ላፕቶፑን በ5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት ማድረግ ከፈለጋችሁ ደግሞ ኢንቴል አያዋጣም፤ አገሩን ራሱ ስለሚወስን ብዙ ጊዜ ይከለክላችኋል። ለዚያ ሚዲያቴክ ይሻላል፤ የሚያሳየው ቁጥር ቢሳሳትም ሥራው ጥሩ ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤቲኤች9ኬ በሚባለው ድራይቨር የሚሄዱት የአቴሮስ ካርዶች አሁንም ታማኝ ናቸው። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ አይቀበሉም፤ የራሳችሁን ሞዴል አስቀድማችሁ አጣሩ።

አዲሱ ካርድ ግን የሚናገረው በዚያው ላፕቶፕ አንቴና ነው። ግድግዳውም ያው ግድግዳ ነው። ካርዱ ጤነኛ ከሆነ በመቀየር የምታገኙት ትንሽ ነው።

ምርጫ ሦስት፦ ዩኤስቢ ካርድ ከውጭ አንቴና ጋር

ይህን ከሁለተኛው አስበልጣለሁ። አንቴና የሚጠቅመው በሁለቱም በኩል ነው፤ ስትናገሩም ስትሰሙም። የመላኪያ ጉልበት ግን ስትናገሩ ብቻ። 3 ዲቢ በጉልበት ከመጨመር 3 ዲቢ በአንቴና መጨመር ሁለት እጥፍ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታውን መምረጥ ትችላላችሁ። አንድ ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገዝታችሁ አንቴናውን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አውጡት። ላፕቶፑ ጎን ላይ ከሰካችሁት ግን ግማሹ ጥቅም ይቀራል። ዩኤስቢ 3 ላይ ሲሰካ ደግሞ ሶኬቱ ራሱ 2.4 ጊጋኸርዝን ይረብሻል፤ ኤክስቴንሽኑ ለዚህም መድኃኒት ነው።

ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን የዋት ቁጥር አትመኑ፤ ውስጡ ያለውን ቺፕ ጠይቁ። የሪልቴክ አርቲኤል8812ኤዩ ረጅም ጊዜ የኖረው ከውጭ በሚጫን ድራይቨር ነው። ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ድራይቨሩን እንደገና ማጠናቀር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ኢንተርኔት የምታገኙት ደግሞ በዚያው ካርድ ከሆነ አስቡት። የሚዲያቴክ ኤምቲ7612ዩ እና ኤምቲ7921ኤዩ ድራይቨራቸው ከርነሉ ውስጥ ነው። ሰክታችሁ ትሠራላችሁ።

ምርጫ አራት፦ ራውተሩን ማንቀሳቀስ

ሁለቱም አቅጣጫ አብሮ ከደከመ መልሱ ይኸው ነው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ፒያሳ ዙሪያ የድሮው ድንጋይ፣ ማራኪና አዘዞ በኩል ብረት ያረገዘ ኮንክሪት፣ ጓሮ ደግሞ በቆርቆሮ የተከፈለ ክፍል። ቆርቆሮ ሲግናሉን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታችሁ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ ላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሲግናል በተከፈተ በር ሲገባ እንደ ድንጋዩ አይበላም። ግድግዳ ካለ 2.4፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ 5 ጊጋኸርዝ ምረጡ።

ይህም ካልበቃ የኔትወርክ ገመድ ዘርግታችሁ፣ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለ ከኋላ እንደ ማሰራጫ ተጠቀሙበት። የራሱን አድራሻ ማደያ፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጥፉት። አይፒ አድራሻውንም ከዋናው የተለየ አድርጉት። ገመዱን ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ሰኩት።

አክስቴ ቤት ያደረግነው ይህንን ነው። ገመዱን በግድግዳው ለማሳለፍ መሰርሰሪያ ሳነሳ አክስቴ መጣች። «ኧረ ልጄ፣ ግድግዳውን እንዳትበሳብኝ፤ አባቴ የሠራው ነው» አለችኝ። መሰርሰሪያውን መለስኩት። ገመዱን በሳሎኑ መስኮት ማዕዘን አውጥተን፣ በጓሮ በኩል በኮርኒሱ ሥር አዙረን፣ በኋላ ክፍል መስኮት አስገባነው። 18 ሜትር ፈጀ። አሮጌውን ራውተር የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥነው።

የአክስቴ ልጅ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ስቴሽን ደምፕ» ብሎ ጻፈ። -41። ከዚያ «አይደብሊው ዴቭ» የሚያሳየውን የመላኪያ ጉልበትም አየው፤ አሁንም 3 ይላል። ዝም ብሎ ተርሚናሉን ዘጋና ምዕራፍ ሦስትን ለአማካሪው ላከ።